የተጎዳ ማድረቂያ አልጋ በኪሎ ስንት ያስወጣል? ከመስቀል በፊት የሚሠራ ሒሳብ

 

ዛሬ የዕለት ዋጋ አልጽፍም። ክረምት ነው፣ እሸቱ ገና ዛፍ ላይ ነው። ይልቅ በዚህ ሰሞን በውስጥ መስመር ደጋግሞ የደረሰኝን አንድ ጥያቄ ልመልስ። ጥያቄው በተለያየ ቃል ይመጣል እንጂ አንድ ነው፦ «የቡና ማድረቂያ አልጋዬ ተጎድቷል። ልጠግነው፣ ላድሰው ወይስ አፍርሼ ልሥራው? ስንትስ ያስወጣኛል?»

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልስጣችሁ። የጥገና ወጪን በብር ብቻ አትቁጠሩት፣ በኪሎ ቁጠሩት። በብር ሲቆጠር ሁሉም ውድ ይመስላል። በኪሎ ሲቆጠር ግን ውዱ ያልተጠገነው አልጋ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው የዚህ ማብራሪያ ነው። በመጨረሻም ለእህል ሰዎች ስለ አውድማና ስለ መጋዘን ወለል ጥቂት እላለሁ። እኔ ያለሁበት ጥያ በዋናነት የእህል አገር ስለሆነ እነሱን ትቼ ባልፍ ይቀየሙኛል።

*አልጋው የቡናው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ነው*

ወጥ ቤት ውስጥ ሊጥ የሚዳመጥበት፣ ሥጋ የሚከተፍበት ጠረጴዛ ሲሰነጠቅ ምን እንደሚሆን እናቶቻችን ያውቁታል። ስንጥቁ ውስጥ የቀረው ሊጥ ይኮመጥጣል። ብታጥበውም ሙሉ በሙሉ አይወጣም። የነገውን ሊጥ ደግሞ እዚያው ላይ ታስቀምጣለህ። ጠረጴዛው ለመጠገን የሚጠይቀው ገንዘብ ይታያል። ምግቡ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን አይታይም፣ የሚበላው ሰው ነው የሚያውቀው።

የቡና አልጋም እንደዚያው ነው። ቡናው ከዛፍ ከወረደ በኋላ ረጅሙን ጊዜ የሚያሳልፈው እሱ ላይ ነው። ሳይታጠብ በገለፈቱ የሚደርቀው እንደ አየሩ ሁኔታ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይተኛበታል። እሸቱ ሲመጣ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ሲወርድ እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ መሆን አለበት። ያ ሁሉ ውሃ የሚወጣው በአልጋው ላይ ነው፤ ግማሹ ከላይ በፀሐይ፣ ግማሹ ከታች በሚገባው ነፋስ። ታዲያ አልጋው ሲበላሽ ጣዕሙም፣ ክብደቱም፣ ዋጋውም አብሮ ይበላሻል።

*ጉዳቱ ወደ ዋጋ የሚደርሰው በአራት መንገድ ነው*

አንደኛው ሁሉም የሚያየው ነው፦ ቀዳዳ። ሽቦው ተቀዶ ፍሬው መሬት ይወርዳል። የወረደው ወይ ይጠፋል፣ ወይ ተለቅሞ ተመልሶ አልጋው ላይ ይደፋል። መሬት የነካው ቡና ከተመለሰ አፈርና ሻጋታ ይዞ ነው የሚመለሰው። እኔ ብሆን ለብቻው አስቀምጬ ለብቻው እሸጠዋለሁ።

ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያየውም፦ የአልጋ ሆድ መውረድ። አግዳሚው ሲበሰብስ ወይም ሲጎብጥ ሽቦው መሐል ላይ ይረግባል። ቡናው ሲገላበጥ ወደ ሆዱ ይንሸራተታል። ጠርዝ ላይ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር የሆነው ንጣፍ መሐል ላይ እጥፍ ይሆናል። ጠርዙ ከሚገባው በላይ ይደርቃል፣ መሐሉ ሳይደርቅ ይቀራል። ከዚያ አንድ ላይ ይታፈሳል።

እዚህ ላይ ላኪዎች ልብ በሉልኝ። እንበል ከአንድ አልጋ ከታፈሰው ቡና 70 በመቶው እርጥበቱ 10.5 ነው፣ ከሆዱ የመጣው 30 በመቶ ደግሞ 15 ነው። አማካዩ 11.85 ይመጣል። የእርጥበት መለኪያው «ከ12 በታች ነው፣ እለፍ» ይላል። መለኪያው አልዋሸም፣ አማካይ ነው የነገረህ። ነገር ግን ከሦስት ፍሬ አንዱ ገደማ ቀስ እያለ ደርቆ ሻጋታ ያገኘው ነው። ጆንያ ውስጥ ከተቀመጠ በኋላ እርጥበቱ ሊመጣጠን ይችላል። ጣዕሙ ግን አይመለስም።

ጠርዙ ላይ የደረቀውም ከኪስ ይወስዳል። በ12 በመቶ እርጥበት 100 ኪሎ የሚመዝን ቡና ወደ 9 በመቶ ቢወርድ 96.7 ኪሎ ይሆናል። ከኩንታል 3.3 ኪሎ በነፋስ ሄደ ማለት ነው። ገዢ ለዚያ አይከፍልም።

ሦስተኛው፦ ስንጥቅና መገጣጠሚያ ላይ የሚቀር ፍሬ ነው። ሽቦው ተደራርቦ በተሰፋበት፣ እንጨቱ በተሰነጠቀበት ቦታ ያለፈው ዙር ፍሬ ይቀራል። እዚያው ይሻግታል። በሚቀጥለው ዙር ሲታፈስ አብሮ ይገባል። በቅምሻ ጊዜ ከአምስት ሲኒ አንዱ ብቻ የሚሸተው ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለው ፍሬ ነው። አንድ የበሰበሰ ፍሬ አንድ ሲኒ ለማበላሸት በቂ ነው።

አራተኛው፦ ጥገናው ራሱ የሚያመጣው ሽታ ነው። ምስጥ እንዳይበላው ብለን እንጨቱን በተቃጠለ ሞተር ዘይት እንቀባለን። ቀዳዳውን በማዳበሪያ ከረጢት እንደፍናለን። ቡና ደግሞ ሽታ የሚስብ እህል ነው። በዓለም ላይ የቡና ጆንያ በማዕድን ዘይት ሳይሆን በአትክልት ዘይት እንዲሠራ የተፈለገውም ለዚህ ነው። ጆንያው ላይ እንዲህ የሚጠነቀቁ ገዢዎች ከአልጋው የመጣውን የዘይት ሽታ ዝም ብለው አያልፉትም። ከረጢቱ ሌላም ችግር አለው፦ ከታች ነፋስ አያስገባም። ስለዚህ የተደፈነው ቦታ ላይ ያለው ቡና ሌላው ሲደርቅ እሱ ያላበዋል።

*ሦስት ዓይነት ጥገና*

ሰው «ጥገና» ሲል ሦስት የተለያየ ነገር ነው የሚያወራው። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ ለዩት።

መጣፍ። ቋሚውና አግዳሚው ደህና ነው፣ ሽቦው እዚህም እዚያም ተቀዷል። ቀዳዳውን በቁራጭ ሽቦ ከሥር መስፋት ነው። ልብ በሉ፣ ከሥር ነው የምላችሁ። ከላይ ከተሰፋ የሽቦው ጫፍ ፍሬውን ይይዛል፣ የሚያገላብጡትን ሴቶች እጅም ይቧጥጣል። የአንድ ሰው የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ማልበስ። ቋሚው ደህና ነው፣ አግዳሚውና ማገሩ ግን ጎብጧል፣ ሽቦው ረግቧል ወይም ዝጓል። ማገሩ ይቀየራል፣ ሽቦው ተነስቶ በአዲስ ይወጠራል፣ ከላይ የናይለን መረብ ይነጠፋል። አናጢ ይፈልጋል።

እንደገና መሥራት። ቋሚዎቹን ምስጥ በልቷቸዋል። የምትለዩት እንዲህ ነው፦ እያንዳንዱን እግር ከመሬት ከፍ ብሎ በእጃችሁ ወዝውዙት፣ ከሥሩም በቢላ ጫፍ ውጉት። ቢላው ያለ ችግር የሚገባ ከሆነ እንጨቱ አልቋል። እኔ የምመክረው ከእግሮቹ አንድ ሦስተኛ የሚሆኑት እንዲህ ከሆኑ ማልበሱን ትታችሁ አፍርሳችሁ እንድትሠሩ ነው። በሞተ እግር ላይ አዲስ ሽቦ መወጠር በጭነት መሐል የሚወድቅ አልጋ መሥራት ነው።

ለአዲሱ እግር ዘይት አትቀቡ። መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብልባችሁ ካከሰላችሁት በኋላ ትከሉት። አባቶቻችን ለአጥር የሚያደርጉት ነው። ሽታ የለውም፣ ገንዘብም አይጠይቅም።

*እንጨቱ በብር፣ ሽቦው በዶላር*

አሁን ወደ ዋጋው እንግባ። አንድ አልጋ ሁለት ዓይነት ዕቃ ነው። ቋሚው፣ አግዳሚው፣ ማገሩ አጠና ነው። አጠና ደግሞ እኛ አገር ከጓሮ ይቆረጣል፣ ጉራጌ ውስጥ ባሕር ዛፍ የሌለው ደጃፍ ማግኘት ይከብዳል። ዋጋው የሚወሰነው እዚሁ በቆራጩና በማጓጓዣው ነው።

ሽቦው፣ ሚስማሩ፣ የናይለን መረቡ፣ የጥላ መረቡ ግን ሌላ ዓለም ነው። አገር ውስጥ ቢሠራ እንኳ ጥሬ ዕቃው በዶላር ይገባል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ከ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ወጣ። የአልጋው የእንጨት ክፍል እዚያው ሲቀር የሽቦው ክፍል ዘለለ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ትልቅ ነው። ሽቦ በራሱ ዕድሜ ብቻ አይሞትም። ብዙውን ጊዜ የሚገድለው እንጨቱ ነው። ማገሩ ሲጎብጥ ሽቦው ይለጠጣል፣ ሲለጠጥ ሚስማሩ ላይ ይቀደዳል፣ ውሃ ይቋጥራል፣ ይዝጋል። ስለዚህ ርካሹን እንጨት በጊዜ የቀየረ ሰው ውዱን ሽቦ ያድናል። በየዓመቱ ከክረምት መውጫ በፊት ሁለት ሦስት ማገር መቀየር በሦስት ዓመት አንዴ ሙሉ ጥቅል ሽቦ ከመግዛት ይሻላል። ብዙዎቻችን ግን የምናደርገው ተቃራኒውን ነው፤ እንጨቱን «ገና ይቆማል» ብለን እንተወዋለን፣ ሽቦው ሲቀደድ ደግሞ ገበያ እንሮጣለን።

*ሒሳቡ*

ከዚህ በታች ያሉት የብር ቁጥሮች ለማስያ እንዲመቹ ያደረግኋቸው ናቸው፣ የገበያ ዋጋ አይደሉም። በእነሱ ፈንታ የራሳችሁን አካባቢ ዋጋ አስገቡ። ዋናው መንገዱ ነው።

አልጋው 10 ሜትር ርዝመትና 1.2 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ስፋቱ 12 ካሬ ነው። በካሬ 20 ኪሎ እሸት ብናሰጣ 240 ኪሎ ይይዛል። በአንድ ወቅት ሦስት ዙር ከሠራ 720 ኪሎ እሸት ያልፍበታል። ስድስት ኪሎ እሸት አንድ ኪሎ የተፈለፈለ ቡና ይወጣዋል ብለን ብንሄድ 120 ኪሎ ነው። በእኛ አቆጣጠር 7 ፈረሱላ ግድም።

እንግዲህ ሦስቱን ጥገናዎች እናወዳድር።

መጣፍ 600 ብር ይፈጃል፣ ለአንድ ወቅት ያገለግላል እንበል። 600 ለ120 ኪሎ፦ በኪሎ 5 ብር።

ማልበስ 3,600 ብር ይፈጃል፣ ለሦስት ወቅት ያገለግላል እንበል። 3,600 ለ360 ኪሎ፦ በኪሎ 10 ብር።

እንደገና መሥራት 9,000 ብር ይፈጃል፣ ለስድስት ወቅት ያገለግላል እንበል። 9,000 ለ720 ኪሎ፦ በኪሎ 12 ብር ከ50።

አያችሁ? ከኪስ ሲወጣ 600 እና 9,000 ሰማይና ምድር ናቸው፣ አሥራ አምስት እጥፍ። በኪሎ ሲመጣ ግን ልዩነቱ 7 ብር ከ50 ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ ያልተጠገነውን አልጋ እንቁጠር። በቀዳዳ 2 በመቶ ብቻ ይጥፋ። ከ120 ኪሎ 2.4 ኪሎ ነው። ኪሎው 500 ብር ቢሆን 1,200 ብር መሬት ላይ ቀረ። ከሆዱ የመጣው አንድ ሦስተኛ፣ ማለትም 40 ኪሎ፣ በደረጃ ዝቅ ብሎ በኪሎ 30 ብር ቢቀነስበት ሌላ 1,200 ብር ነው። ድምሩ በአንድ ወቅት 2,400 ብር። ለ120 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 20 ብር።

ስለዚህ ውዱ ጥገና በኪሎ 12 ብር ከ50 ነው፣ አለመጠገን 20 ብር ነው። ከዚህም በላይ በቀዳዳ የሚወርደው ብቻ በሦስት ወቅት 3,600 ብር ይደርሳል። የማልበሻውን ዋጋ መሬት ላይ ፈሶ የቀረው ፍሬ ብቻውን ከፈለው ማለት ነው።

ባለፈው ሰሞን አንድ በዕድሜ የገፉ አቅራቢ ይህንን ስነግራቸው «ልጄ፣ ደላላ ስለሆንህ ቡናዬ እንዲያምርልህ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ልክ ነዎት» አልኳቸው። «ቡናዎ ሲያምር እኔም ኮሚሽኔን በጊዜ አገኛለሁ። ግን ቅናሹን ከኮሚሽኔ ላይ የሚቀንስ ገዢ እስከ ዛሬ አላየሁም፣ ከእርስዎ ላይ ነው የሚቀንሰው።» ሳቁ። ነገሩ ግን ይኸው ነው። ገዢ ሲቀንስ «አልጋህ ተሰብሯል» ብሎ አይቀንስም። «እርጥበቱ አልተመጣጠነም»፣ «ሲኒው ሸተተኝ» ብሎ ነው የሚቀንሰው። ገበሬው ደግሞ ቅናሹን የገዢ ተንኮል ያደርገዋል። አንዳንዴ ተንኮል ነው፣ አልክድም። አንዳንዴ ግን አልጋው ነው።

*«አምና ሁሉንም ገዙኝ እኮ»*

ይህም ይባላል፣ እውነትም ነው። በየካቲት 2017 የኒው ዮርክ የአረቢካ ዋጋ በፓውንድ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ገዢ ቡና አጥቼ እቀራለሁ ብሎ ይሮጣል፣ የደረጃ ልዩነቱ ይጠባል፣ መጥፎውም ጥሩውም ተቀራርቦ ይሸጣል። በዚያን ጊዜ አልጋ ለምን ልጠግን የሚል ሰው በዚያ ወቅት ሒሳብ አልተሳሳተም።

ችግሩ ገበያ ሁልጊዜ ሙቅ አለመሆኑ ነው። ገበያ ሲሞቅ ገዢ አልጋ አይጠይቅም። ሲቀዘቅዝ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። የደረጃ ልዩነቱ የሚሰፋው ዋጋ በወረደ ጊዜ፣ ማለትም መጠገኛ ገንዘብ በጠፋ ጊዜ ነው። ስለዚህ አልጋ የሚጠገነው ዋጋ በወጣ ዓመት፣ ለሚወርድበት ዓመት ነው።

*ለላኪዎች፦ ከአንድ ኮንቴይነር ጀርባ 160 አልጋ አለ*

አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 320 ባለ 60 ኪሎ ጆንያ፣ ማለትም 19,200 ኪሎ ይጭናል። በላይኛው ስሌታችን አንድ አልጋ በወቅት 120 ኪሎ ይሰጣል። ማበጠሪያ ላይ የሚወጣውን ትተን ብናካፍል 160 አልጋ ነው። ከ160 አሥሩ ብቻ ሆዳቸው ቢወርድ 1,200 ኪሎ፣ 20 ጆንያ ሙሉ ጥርጣሬ ያለበት ቡና ገባ ማለት ነው። ያ ደግሞ በአንድ ጥግ አይቀመጥም፣ ተቀላቅሎ ነው የሚገባው።

የአውሮፓ ኅብረት በተቆላ ቡና ላይ ኦክራቶክሲን ኤ ለሚባለው የሻጋታ መርዝ የፈቀደውን ጣሪያ ከ5 ወደ 3 ማይክሮ ግራም በኪሎ ዝቅ አድርጓል፤ ተግባራዊ የሆነውም በፈረንጆች ጥር 1 ቀን 2023 ነው። ይህ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ቶሎና እኩል ማድረቅ። ይህን የሚያደርገው ደግሞ አዲስ አበባ ያለው ማበጠሪያ አይደለም። ማበጠሪያ ድንጋይና ጥቁር ፍሬ ያወጣል፣ አልጋ ላይ የተበላሸ ጣዕም አያወጣም።

*ማን ይክፈል?*

እውነተኛው ችግር እዚህ ጋ ነው። አልጋው የሚጠገነው በነሐሴና በመስከረም መጀመሪያ ነው። በዚያን ጊዜ ገበሬው እጅ ላይ ገንዘብ የለም። የልጆች ደብተር፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ መስቀል፣ ሁሉም በአንድ ላይ ይመጣል። ዩኒየኖችም ብድራቸው የሚለቀቀው ለግዢ ነው፣ ለእሸት መግዣ። ለሽቦና ለማገር የተያዘ ገንዘብ ብዙ ጊዜ የለም። ስለዚህ ሁሉም «እጠግናለሁ» ይላል፣ እሸት ሲደርስ ግን ያው ያረጀው አልጋ ላይ ይሰጣል።

ጥቅሙ ደግሞ ለባለ አልጋው ብቻ አይደለም። ላኪውም ይጠቀማል። ስለዚህ ከአቅራቢ ጋር በትስስር የምትሠሩ ላኪዎች፣ ከቅድመ ክፍያው ትንሿን ክፍል ወደ ነሐሴ አምጧት። በላይኛው ምሳሌ 3,600 ብር በስድስት ወር 10 በመቶ ወለድ ቢያስከፍል 360 ብር ነው። ለ360 ኪሎ ሲካፈል በኪሎ 1 ብር። ይህችን 1 ብር ማን ይሸከማት ብሎ መደራደር በጥር ወር ስለ 30 ብር ቅናሽ ከመጣላት ይሻላል።

ለዩኒየን ሰዎችም ተመሳሳይ ነው። 100 አልጋ ያለው መሠረታዊ ማኅበር በእኛ ስሌት በወቅት 240,000 ብር ያጣል። ሁሉንም ለማልበስ 360,000 ብር ይፈልጋል፣ ለሦስት ወቅት፣ ማለትም በወቅት 120,000። ሽቦውንም አባላት በየግላቸው በሜትር ከሚገዙት ዩኒየኑ በጥቅል ቢገዛ ይሻላል። ለጉባኤ የምታቀርቡት «አልጋዎች አርጅተዋል» የሚል ቃል ሳይሆን እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ይሁኑ፣ በራሳችሁ ዋጋ ተሰልተው።

ገንዘቡን ጥሬ ብር ከመስጠት ዕቃውን መስጠት ይሻላል። ብር በመስቀል ሰሞን ወዴት እንደሚሄድ እዚህ አገር ለማንም መንገር አያስፈልግም። ሽቦ ግን ክትፎ አይሆንም።

*ለምን ከመስቀል በፊት?*

መስከረም 17 ከመድረሱ በፊት ጉራጌ ውስጥ ቤት ይለቀለቃል፣ አጥር ይጠበቃል፣ ፍልጥ ይፈለጣል። መጥረቢያው ወጥቷል፣ ልጆቹ ቤት አሉ፣ ከከተማም የመጣ ወንድም አለ። በዚያው ሳምንት ሁለት ቀን ለአልጋው መስጠት ከባድ አይደለም። ከመስቀል በኋላ ግን እንግዳው ወደ ከተማ ይመለሳል፣ አናጢ ይፈለጋል፣ ጥቅምት ሲገባ ደግሞ ቀዩ ፍሬ መውረድ ይጀምራል። ያኔ አልጋው ላይ ቡና እያለ ጥገና የለም።

*ለእህል ሰዎች፦ አውድማና ወለል*

እህሉም የራሱ ጠረጴዛ አለው፣ አውድማ። እዚህ ጥያና በሶዶ ዙሪያ ጤፍ የሚያቀርብልኝ ሰው አውድማውን በደንብ አልቅልቆ ከሆነ ናሙናውን በእጄ ይዤ ብቻ አውቀዋለሁ። ጤፍ ከእህል ሁሉ ትንሹ ነው። ደቃቅ አሸዋ ከገባበት በማንፈስም በወንፊትም መለየት ከባድ ነው፣ መጠናቸው ይቀራረባል። ኩንታል ውስጥ 2 ኪሎ አፈር ካለ ገዢ የሚቀንሰው 2 ኪሎ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ማበጠሪያውንም፣ ስሙንም፣ ጥርጣሬውንም አስልቶ ነው የሚቀንሰው።

ጥገናው ደግሞ ከሁሉም ርካሹ ነው፦ ሣሩን መላጥ፣ ጉድጓዱን በሸክላ አፈር መሙላት፣ ውሃ አርከፍክፎ በከብት ማስረገጥ፣ በእበት መለቅለቅ፣ እስኪደርቅ መታገስ። ከተሰነጠቀ ስንጥቁን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ጨምሮ መልሶ መለቅለቅ ነው፤ ስንጥቅ ብቻውን የተደፈነ እንደሆነ በሁለተኛው ቀን በከብቱ እግር ይነሳል። ወጪው ጉልበት ነው። አቅም ያለው ሸራ ቢያነጥፍ የበለጠ ይሻላል። በርበሬ የምታደርቁ የማረቆ ሰዎችም ሸራውን ወይም አልጋውን አስቡበት፣ በርበሬም መሬት ላይ ሲደርቅ የሻጋታ ነገር አለበት።

መጋዘን ያላችሁ ደግሞ ወለሉን እዩት። የተሰነጠቀ ሲሚንቶ ከሥር እርጥበት ያወጣል፣ ነቀዝም ስንጥቁ ውስጥ ያለፈው ዓመት ፍርፋሪ እየበላ አዲሱን ምርት ይጠብቃል። ሙሉ ወለል ማደስ ውድ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ስንጥቁን በደንብ ጠርጎ መድፈን፣ ቀጥሎ ከአጠና ርብራብ ሠርቶ ጆንያውን ከወለልና ከግድግዳ ማራቅ፣ ገንዘብ ሲገኝ ወለሉን ማደስ። ርብራቡ የወለሉን ጉዳት አይጠግንም፣ ግን እህሉ ላይ እንዳይደርስ ያግዳል።

*በዚህ ሳምንት የሚሠራ*

ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ አልጋዎቹን ዙሩ። እግሩን ወዝውዙ፣ ከሥሩ በቢላ ውጉ። ሆዱን ለማየት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሲባጎ ወጥሩና ሽቦው መሐል ላይ ስንት ጣት እንደወረደ ለኩ። እያንዳንዱን አልጋ «መጣፍ»፣ «ማልበስ»፣ «መሥራት» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ በላይኛው መንገድ በኪሎ አስሉት። ገንዘባችሁ ለሁሉም ካልበቃ ሆዳቸው የወረዱትን አስቀድሙ፣ ቀዳዳ ያላቸውን ቀጥሉ። ቀዳዳ ኪሎ ይወስዳል፣ የወረደ ሆድ ግን ኪሎም ስምም ይወስዳል። ለማንኛቸውም የማይበቃ ከሆነ ደግሞ የወረደው ሆድ ላይ ቡናውን አሳስታችሁ አስጡ፣ ቶሎ ቶሎ አገላብጡ፣ ሲታፈስም የመሐሉን ከጠርዙ ለይታችሁ አፍሱ። ሁለት ጆንያ መሆኑ አያስነውርም።

በአካባቢያችሁ የአጠና፣ የሽቦና የአናጢ ዋጋ ስንት እንደሆነ በአስተያየት መስጫው ጻፉልኝ። ከወልቂጤ በኩልም ከቡታጅራ በኩልም ከመጣልኝ አወዳድሬ በሚቀጥለው ሳምንት አወጣዋለሁ። የዕለት ዋጋ ነገ ጠዋት እንደተለመደው ይቀጥላል።